የሶፍትዌር ባለሙያ የግል ጦማር አያያዝ፦ ከመጀመሪያው ማስታወሻ እስከ ጳጉሜን ጽዳት

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ኮድ በመጻፍ ለሚተዳደሩ ወይም ሙያውን በመማር ላይ ላሉ፣ ስለ ሥራቸው በግል ጦማር ለመጻፍ እያሰቡ ከየት እንደሚጀምሩ ግራ ለገባቸው ሰዎች ነው። እኔ ጦማር ከከፈትኩ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁለት ጊዜ ትቼው ሁለት ጊዜ ተመልሼበታለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ በራሴ ጥፋት ከሥራ ሊያሰናብተኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ከዚህ በታች የተዘረዘረውን ቅደም ተከተል የሠራሁት እነዚህን ሁሉ ካሳለፍኩ በኋላ ነው።

ጦማር ለሙያ ይጠቅማል ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው ዝና ነው፤ ዘወትር የሚነሱት ምሳሌዎችም ወደዚያው ይወስዳሉ። ጆኤል ስፖልስኪ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ጄፍ አትውድ ደግሞ በ2004 ስለ ሶፍትዌር ሥራ በየግላቸው መጻፍ ጀምረው ብዙ አንባቢ ካፈሩ በኋላ በ2008 ተጣምረው ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለውን የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ሲከፍቱ፣ የመጀመሪያዎቹ ጠያቂዎችና መላሾች የመጡላቸው ከጦማሮቻቸው አንባቢዎች መካከል ነበር። ለእኔ ግን ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠኝ የሳይመን ዊሊሰን ታሪክ ነው። ዊሊሰን በ2002 እንግሊዝ አገር ተማሪ ሳለ ያየውንና የሞከረውን በአጭር በአጭሩ መጻፍ ጀመረ፤ እንደ እርሱው ጦማሪ ከነበረው ከአድሪያን ሆሎቫቲ ጋር የነበረው ትውውቅም አሜሪካ፣ ካንሳስ ግዛት፣ ሎረንስ ከተማ ወደሚገኝ የጋዜጣ ድርጅት ወሰደው። እዚያ ለጋዜጣው ሥራ ብለው የጀመሩት የድረ ገጽ መሥሪያ በ2005 ጃንጎ በሚል ስም ለሕዝብ ተለቀቀ። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው የብዙ ሺህ ሰው ጭብጨባ ሳይሆን ሥራውን የሚያውቅ አንድ ሰው የሌላውን ጽሑፍ ማንበቡ ነው። የምመክረው አሠራር በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ ማስታወሻዎ በሚያስፈልገው ቀን ለሚያስፈልገው ሰው እንዲገኝ አድርገው ይጻፉት።

ደረጃ 1፦ አንባቢዎን ይምረጡ

የመጀመሪያው አንባቢ ከስድስት ወር በኋላ ያሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ዛሬ ሁለት ቀን የፈጀብዎትን ችግር ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ሲያገኙት፣ መፍትሔውን ማግኘትዎን ብቻ እንጂ መፍትሔው ምን እንደነበረ አያስታውሱትም። ይህን አንባቢ በአእምሮዎ ከያዙ ሁለት ነገሮች ይቀልሉልዎታል። በመጀመሪያ፣ «ይህን ሁሉም ያውቀዋል» የሚለው ፍርሃት ይጠፋል፤ ትናንት እርስዎ ራስዎ አያውቁትም ነበርና። ሁለተኛም ማስተማር፣ መስበክና መመጻደቅ ይቀርልዎታል፤ ማንም ለራሱ ማስታወሻ ሲጽፍ ስለ ቴክኖሎጂ ጠቀሜታ ሦስት አንቀጽ መግቢያ አይጽፍም።

ደረጃ 2፦ ቦታውን በአንድ ከሰዓት ጨርሰው ይክፈቱ

ብዙ ባልደረቦቼ የቀሩት እዚህ ላይ ነው። የፕሮግራመር ነገር ሆኖ፣ ከመጻፍ በፊት የጦማሩን ሶፍትዌር ራሳችን ካልሠራነው ብለን እንነሳና ለሦስት ወር የገጹን ቀለም ስንቀያይር ከርመን አንድም ጽሑፍ ሳናወጣ እንተወዋለን። ስለዚህ የጊዜ ገደብ ያድርጉ፤ በአንድ ከሰዓት ያላለቀው ይቅር።

እኔ የምመክረው ጽሑፎቹን በማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች ርእስና ዝርዝር በሚለይ አጻጻፍ) በተራ ፋይል መጻፍ፣ የፋይል ለውጥን ሁሉ ከነታሪኩ በሚመዘግበው በጊት መያዝ፣ ሁጎን ወይም ጄኪልን በመሰለ መሣሪያ ወደ ገጽ መለወጥና በጊትሃብ ፔጅስ ላይ ማኖር ነው። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያለ ሲሆን ለሕዝብ ክፍት ለሆነ ሪፖ (የፋይሎች ማከማቻ) ክፍያ አይጠይቅም፤ ለአንድ ገጽ የሚፈቅደው የ1 ጊጋባይት መጠንም ለጽሑፍ የዕድሜ ልክ ስንቅ ነው። ለእኛ ሌላም ጥቅም አለው። በዶላር የሚከፈልበት ካርድ ማግኘት ለብዙዎቻችን ፈተና በመሆኑ፣ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ክፍያ የሚጠይቅ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ጦማር አንድ ቀን ካርዱ ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል። የራስዎ ዶሜይን ቢኖርዎት መልካም ነው፤ ገንዘቡ ባይኖርዎት ግን በዚህ ምክንያት ሥራውን አያዘግዩ።

ጽሑፎችዎ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ በተራ ፋይል መቀመጣቸውን እንደ ትንሽ ነገር አይዩት። በ2012 ዓ.ም. ክረምት በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ እኔ በላፕቶፔ ላይ አራት ማስታወሻዎችን ጨርሼ ኮሚት አድርጌ (በጊት መዝግቤ) ነበር፤ መስመሩ ሲመለስ የቀረኝ አንድ ትእዛዝ ሰጥቶ መላክ ብቻ ነበር። ገጹም ከጽሑፍና ከትንሽ ምስል ያለፈ ነገር ስለሌለው በደካማ የሞባይል ኔትወርክ ላይ ሳይቀር ይከፈታል።

በአማርኛ የሚጽፉ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በስሪት 3.0 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ገልብጠው ቢለጥፉ አንባቢው የሚያየው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው። የገጹ ኢንኮዲንግ (ፊደላቱ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጡበት ዘዴ) ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከፎንቶችም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ቢመርጡ በአብዛኛው መሣሪያ ላይ አያሳፍርዎትም።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያውን ማስታወሻ ይጻፉ

ረጅሙ ደረጃ ይህ ስለሆነ በምሳሌ ባሳይ ይሻላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት የደንበኞች መዝገብ እንሠራ ነበር። ሥራው ተረክቦ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው፣ መስኮት ላይ የምትሠራ አንዲት ሠራተኛ ደውላ ሲስተሙ ሰው እየጠፋበት መሆኑን ነገረችኝ። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንዲት እናት ቀርበው ስማቸውን ፀሐይ ብለው ነገሯት፤ እርሷም «ፀሐይ» ብላ ጻፈች፤ ሲስተሙም «አልተገኘም» አለ። ሴትዮዋ ግን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ የተመዘገቡ ነበሩ፤ በተለያዩ ሠራተኞች እጅ፣ ሁለቱም ጊዜ «ጸሀይ» ተብለው።

በዚያ ሳምንት የጻፍኩት የመጀመሪያ ረቂቅ ርእሱ «ስለ አማርኛ ፍለጋ አንዳንድ ነጥቦች» የሚል ነበር። ይህ ርእስ ማንንም አይጠቅምም፤ በችግር ላይ ያለ ሰው «አንዳንድ ነጥቦች» ብሎ አይፈልግም። ስለዚህ «በዳታቤዝ ውስጥ ፀሐይ ተብሎ ሲፈለግ ጸሀይ ለምን አይገኝም?» በሚል ቀየርኩት። ርእስ ሲያወጡ ችግሩ የገጠመው ሰው በመጀመሪያው ሰዓት፣ ምክንያቱን ገና ሳያውቅ፣ በፍለጋ ሳጥን ውስጥ የሚጽፈውን ቃል ይውሰዱ። የስህተት መልእክት ካለም አይተርጉሙት፤ ማሽኑ እንዳወጣው በላቲን ፊደል ቃል በቃል ገልብጠው ያስገቡት።

ከርእሱ ቀጥሎ ያየሁትን በሦስት ዓረፍተ ነገር አስቀመጥኩ። ከዚያም ብዙ ሰው የሚዘለውን፣ እኔ ግን የማስታወሻው እምብርት ነው የምለውን ጻፍኩ፤ ይኸውም በመጀመሪያ ምን ብዬ እንደተሳሳትኩ ነው። ጥፋቱ የዳታቤዙ የፊደል አደራደር ቅንብር መስሎኝ አንድ ቀን ተኩል እርሱን ስቀያይር ውዬ ነበር። በሁለተኛው ቀን ዩኒኮድ ራሱ ያዘጋጀው የማመሳሰያ ስልት ይፈታዋል ብዬ ሞከርኩ፤ አልፈታውም፤ ምክንያቱም ለዩኒኮድ ፀ እና ጸ የአንድ ፊደል ሁለት መልክ ሳይሆኑ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ደግሞም እውነቱን ነው፤ በግእዝ ድምፃቸውም ፍቺያቸውም የተለያየ ነው፤ አንድ ያደረጋቸው የእኛ አማርኛ አፍ ነው። እነዚህን ሁለት ስህተቶች መጻፌ የሚመጣውን አንባቢ ከሁለት ቀን ልፋት ያድነዋል፤ መፍትሔውን ብቻ ብጽፍ ኖሮ ግን የእርሱ ሙከራ ለምን እንደከሸፈ ሳያውቅ ይቀር ነበር።

መፍትሔውን ያስቀመጥኩት በቁጥር ነው። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ፣ በአሥራ ስድስትዮሽ አቆጣጠር፣ ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280 ላይ ይገኛሉ፤ ሠ 1220፣ ሰ 1230፤ ጸ 1338፣ ፀ 1340 ናቸው። ቤቶቹ በሥርዓት ስለተደረደሩ፣ በተለመደው የአሥር አቆጣጠር ሲሰላ፣ ከሠ ቤት ማንኛውንም ፊደል ወደ ሰ ቤት ለማምጣት 16 መደመር፣ ከፀ ወደ ጸ ለማምጣት 8 መቀነስ፣ ከሐ ወደ ሀ 16 መቀነስ፣ ከኀ ወደ ሀ 128 መቀነስ፣ ከዐ ወደ አ ደግሞ 48 መቀነስ ይበቃል። አምስት ቤት በሰባት ፊደል፣ ዲቃላዎቹን (እንደ ሗ ያሉትን) ሳይጨምር 35 ፊደል ይሆናል። በመጨረሻም አንድ ማስጠንቀቂያ አከልኩ፤ ይህ ለውጥ ለፍለጋ ብቻ በተዘጋጀ ሁለተኛ ዓምድ ላይ ይደረግ እንጂ ሰው ስሙን የጻፈበት ዓምድ አይነካ። ሰው ስሙን በሠ ከጻፈ በሠ ነው።

ልብ ይበሉ፣ ማስታወሻው ከዚህ አይበልጥም። ያየሁት፣ የተሳሳትኩት፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው፣ ያልፈታሁት። ጽፌ ለማውጣት ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብኝ።

ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚጠይቁኝ አሉ፤ «ለምን ቻትጂፒቲ አይጽፍልኝም?» ይላሉ። አማርኛውን ለማረም ወይም ረቂቁን ለማሳጠር ይጠቀሙበት፤ አልቃወምም። ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ከሰጡት ግን ዋናው ነገር ያመልጥዎታል፤ 16 ደምር ወይስ ቀንስ ብዬ ስጽፍ ነው የሠራሁት ኮድ በአንዱ ቤት ላይ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ እንደሚሄድ ያየሁት። በምጽፍበት ጊዜ የማገኘው የራሴ ስህተት በኮድ ግምገማ ከሚገኝልኝ ያልተናነሰ ነው።

ደረጃ 4፦ ቋንቋውን በየጽሑፉ ይምረጡ

አማርኛ ወይስ እንግሊዝኛ የሚለውን ክርክር ለጦማሩ በሙሉ አንድ ጊዜ መወሰን አያስፈልግም። ጉዳዩ የእኛ ከሆነ በአማርኛ ይጻፉት፤ የፊደል ፍለጋ፣ የዘመን አቆጣጠር ቅየራ፣ 13ኛ ወር የማይቀበል ፎርም፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚጀምረው የሰዓት አቆጣጠራችን ከማሽኑ ሰዓት ጋር የሚጋጭበት ቦታ፣ የቴሌብር ክፍያ ማገናኘት። ስለነዚህ በአማርኛ የተጻፈ ጥቂት ስለሆነ የእርስዎ አንድ ገጽ ቶሎ ይገኛል፤ የሚያገኙትም ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎች፣ በየድርጅቱ ብቻቸውን የሚሠሩ ፕሮግራመሮችና በውጭ አገር ለማኅበረሰባቸው መተግበሪያ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ጉዳዩ የዓለም ከሆነ፣ ለምሳሌ የአንድ ታዋቂ ላይብረሪ ስህተት፣ በእንግሊዝኛ ይጻፉት፤ እንግሊዝኛዎ እንከን የለሽ መሆን የለበትም።

በአማርኛ ሲጽፉ ባልደረቦችዎ ቢሮ ውስጥ የሚሉትን ቃል ይጠቀሙ። «ሰርቨር» ለማለት መዝገበ ቃላት ገልጦ ማንም የማይለውን ቃል ማምጣት ንጽሕና ሊመስል ይችላል፤ ፈላጊው ግን «ሰርቨር» ብሎ ነው የሚፈልገው።

ደረጃ 5፦ ከማውጣትዎ በፊት ይፈትሹ

ከሥራ ልሰናበት ነበር ያልኩት በዚህ ደረጃ ምክንያት ነው። በወቅቱ እሠራበት በነበረ ድርጅት ሁለት የሂሳብ መዝገቦች ሳይታረቁ የቀሩበትን ችግር ፈትቼ፣ በደስታ ስሜት እዚያው ሌሊት ጻፍኩና ከስክሪኑ ያነሳሁትን ምስል ለጥፌ አወጣሁት። ጽሑፉ ደህና ነበር። በምስሉ ጥግ ላይ ግን የውስጥ ሰርቨር አድራሻና የአንድ ደንበኛ ስልክ ቁጥር ይነበቡ ነበር። በማግስቱ አለቃዬ ቢሮው አስጠርቶ ስልኩን ዘርግቶ አሳየኝ። ወዲያው አጠፋሁት፤ ነገር ግን በጊት የተያዘ ፋይል ዛሬ ቢጠፋም በታሪኩ ውስጥ እንዳለ ስለሚቆይ፣ ምስሉን ከሪፖው ታሪክ ጭምር ፍቄ እስክጨርስ ሌላ ቀን ተኩል ወሰደብኝ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ በጻፍኩበት ቀን አላወጣም። አንድ ሌሊት አሳድረዋለሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ስከፍተው የምጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉኝ። የማንም ስም፣ ስልክ፣ የሂሳብ ቁጥር አለበት? የይለፍ ቃል ወይም የኤፒአይ ቁልፍ (አንድ ፕሮግራም ወደ ሌላው የሚገባበት ምስጢራዊ ኮድ) አለበት? ችግሩ አሁንም ያልተዘጋ የደህንነት ቀዳዳ ነው? አለቃዬ አጠገቤ ቆሞ ቢያነበው ምን ይላል? ምስል ካለ ደግሞ ጥጉን ሁሉ አጉልቼ አያለሁ፤ ከተቻለም ምስሉን ትቼ በራሴ የፈጠርኩትን የሙከራ መረጃ አስገባለሁ። ቁልፍ ወይም የይለፍ ቃል አንድ ጊዜ ወጥቶ ከሆነ ታሪኩን ለመፋቅ ከመሮጥዎ በፊት ቁልፉን ራሱን ይቀይሩ፤ በመካከሉ ማን እንደገለበጠው አይታወቅምና።

የሕጉንም ነገር ይወቁት። የሰው የግል መረጃ አሁን በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይጠበቃል፤ በቅጥር ውል የሠሩት ኮድ ደግሞ፣ በውሉ ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአሠሪው እንጂ የእርስዎ አይደለም። ስለዚህ የመሥሪያ ቤትዎን ኮድ አይለጥፉ፤ ችግሩን ብቻ የሚያሳይ አሥር መስመር አዲስ ኮድ ቤትዎ ጽፈው እርሱን ያውጡ። በተጨማሪም ጦማር እንዳለዎት ለአለቃዎ በኢሜይል ቀድመው ይንገሩ። እኔ ከማስጠንቀቂያው በኋላ ይህን ሳደርግ ያገኘሁት መልስ «የደንበኛ ስም እስካልተነሳ ድረስ ግድ የለም» የሚል ሁለት መስመር ነበር፤ ያችን ኢሜይል እስከ ዛሬ አስቀምጫታለሁ።

ደረጃ 6፦ በሥራዎ ላይ ይጠቀሙበት

አዲስ ጽሑፍ ሲወጣ አባል በሆኑበት የቴሌግራም ቡድን አንድ ጊዜ ይላኩት፤ ከዚያ በኋላ አይወትውቱ። ዋናው ጥቅም የሚመጣው ሰው ሲጠይቅዎት ነው። ባልደረባዎ ያንኑ ችግር ይዞ ሲመጣ ማስረዳትዎን አይተዉ፤ አስረድተው ሲጨርሱ ግን ሊንኩን ይላኩለት። ይህ ሲደጋገም ሰዎች «ይህን ነገር እርሱ ያውቀዋል» ማለት ይጀምራሉ፤ ዕድገት ሲታሰብ የሚነሳውም ይህ ወሬ ነው። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የሥራ አፈጻጸም ቅጽ የሚሞላበት መሥሪያ ቤት ካሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ምን እንደሠሩ ለማስታወስ ጣሪያ ጣሪያውን ከማየት ጦማርዎን መክፈት ይበቃል።

በሲቪዎ ላይ የጦማሩን አድራሻ ብቻ አያስቀምጡ፤ ቀጣሪ 40 ጽሑፍ አያነብም። ለሥራው የሚቀርቡትን ሦስት መርጠው ሊንካቸውን ያስገቡ፤ ከቃለ መጠይቁ በፊት በነበረው ምሽትም እነዚያን ሦስት እንደገና ያንብቡ። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። አንድ ጠያቂ ከሦስት ዓመት በፊት የጻፍኩትን ጠቅሶ «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ሲለኝ፣ የገዛ ጽሑፌን ረስቼው ዓይኔን ሳቁለጨልጭ ሁለት ደቂቃ አለፈ። ሥራውን አላገኘሁም። በሌላ ጊዜ ግን ጠያቂዎቹ ጽሑፌን አንብበው ስለነበር፣ በሰሌዳ ላይ ኮድ ጻፍ የሚለው የተለመደ ፈተና ቀርቶ ውይይታችን በሙሉ ስለ ፊደል ፍለጋ ሆነ፤ እንደዚያ ያለ ቀላል ቃለ መጠይቅ ከዚያ በፊትም በኋላም አልገጠመኝም።

የአስተያየት መስጫ ሳጥን አያስፈልግዎትም፤ ጊዜዎን የሚበላ የማስታወቂያ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ነው የሚሆነው። ኢሜይል ብቻ ያስቀምጡ። የፀሐይ ማስታወሻ ከወጣ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ዋሽንግተን አካባቢ የዕድር አባላት መዝገብ የሚሠራ አንድ ልጅ በዚሁ መንገድ ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ እናመሰግናለን፤ ግን የእኛ ጸሐፊ ጸሃይ ብላ በራብዑ ሃ ነው የምትጽፈው፤ በእርስዎ ዘዴ አይገኝም» ይላል። ልክ ነበር። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ በእኛ አፍ አንድ ናቸው፤ እኔ ግን ቤት ከቤት ሳስማማ በአንዱ ቤት ውስጥ ያሉትን ዘንግቻቸዋለሁ። ቁጥሩ 35 ሳይሆን 37 መሆን ነበረበት። ድርጅቱ ውስጥ የተከልነው ሲስተምም ያው ስህተት ነበረበት፤ በማግስቱ ሄጄ አስተካከልኩት። ማስታወሻውን በመሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ቢሆን ኖሮ ይህን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ከልጁ ጋር ዛሬም እንጻጻፋለን፤ ከእርሱ በኩል የመጡ ሁለት ትንንሽ የትርፍ ሰዓት ሥራዎችም ሠርቻለሁ።

ደረጃ 7፦ ጊዜውን ይወስኑ

በወር አንድ ማስታወሻ በቂ ነው። በየሳምንቱ እጽፋለሁ ብዬ የጀመርኩባቸው ሁለት ጊዜያት ናቸው ጦማሩን ትቼው የጠፋሁባቸው። የእኔ ሰዓት ቅዳሜ ጠዋት፣ ቤተሰቡ ሳይነሳ፣ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ነው፤ በሥራ ቀን የማደርገው ነገር ቢኖር ችግር ስፈታ ሁለት ሦስት መስመር በረቂቅ ፋይል ላይ መጣል ብቻ ነው። የጎብኚ ቁጥር የሚያሳይ መሣሪያም ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት አይግጠሙ። እኔ ገጥሜ ነበር፤ ሌሊት ስልክ ከፍቼ ሰባት ሰው እንዳነበበው ሳይ ይከፋኝ ነበር። ባለቤቴ ናት አንድ ቀን «ሰባት ሰው ቤታችን ቢመጣ ወንበር አይበቃንም» ብላ ያስተወችኝ።

ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲታመም፣ ሥራ ሲበዛ ይተዉት። ጦማር እንደ ሱቅ ኪራይ የለበትም፤ ስድስት ወር ቢዘጋም የቆዩት ማስታወሻዎች መገኘታቸውንና መጥቀማቸውን አያቆሙም። ሲመለሱም ስለ መጥፋትዎ የይቅርታ ጽሑፍ አይጻፉ፤ ቀጥለው ያገኙትን ችግር ይጻፉ።

ደረጃ 8፦ በጳጉሜን ያጽዱ

የቴክኒክ ጽሑፍ ያረጃል። እኔ ጽዳቱን የማደርገው በጳጉሜን ነው፤ አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴም ስድስት ስለሆነች ሥራው ከዚያ አያልፍም። በእያንዳንዱ ጽሑፍ አናት ላይ የተጻፈበት ቀንና የሶፍትዌሩ ስሪት መኖሩን አያለሁ፤ የማይሠሩ ሊንኮችን አነሳለሁ። ጊዜ ያለፈበትን አላጠፋም፤ አንድ ሰው የቆየ ሲስተም ይዞ ሊመጣ ይችላልና «ይህ ከእንዲህ ያለ ስሪት ወዲህ አይሠራም» የሚል መስመር ከላይ እጨምራለሁ። የተሳሳትኩት ካለም የድሮውን ቃል ሳልሰርዝ፣ ማረሚያውን ከነቀኑ ከሥሩ እጽፋለሁ፤ የቀድሞውን ኮድ የወሰደ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ምን እንደተቀየረ ማየት አለበት።

ባለፈው ጳጉሜን የፀሐይን ማስታወሻ ስከፍት፣ ከሥሩ 37 ብዬ ያረምኩትን ቁጥር መግቢያው ላይ አሁንም 35 እያልኩ መተዌን አየሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልነገረኝም። ማረሚያዋን ከነቀኗ ጨምሬ ላክሁ፤ ለልጁም ሊንኩን መልሼ ላክሁለት፤ «እኔም አላየሁትም ነበር» አለኝ።